ሊስቁ ትኬት ቆረጡ፣ ልብ ወለድ ተነበበላቸው፦ የአንዲ ካፍማን ነገር

እስቲ አስቡት። በየሳምንቱ ቲቪ ላይ ሆዳችሁን እስኪያማችሁ የሚያስቃችሁ ኮሜዲያን ግቢያችሁ ሊመጣ ነው ተባለ። ትኬት ቆረጣችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ጥሩ ቦታ ያዛችሁ። ሰውዬው ሽክ ብሎ ወጣ፣ መጽሐፍ ይዟል። ገለጠና እንደ እንግሊዝ መኳንንት እየተንቀባረረ ከምዕራፍ አንድ ማንበብ ጀመረ። ቀልዱ አሁን ይመጣል ብላችሁ ሳቃችሁ። አንድ ገጽ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ቀልድ የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ዝም ብሎ እያነበበ ነው።

ይሄ ፈጠራ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በኋላም ያለው እንደዚያው) አሜሪካ ውስጥ የተለያዩ ኮሌጆች ተማሪዎች ላይ ደርሷል። መጽሐፉ ስኮት ፊትዝጀራልድ በ1925 ያሳተመው ዘ ግሬት ጋትስቢ ነው። አንባቢው ደግሞ አንዲ ካፍማን። ተማሪዎቹ የቲቪውን ገጸ-ባህሪ እንዲሠራላቸው ይጮሃሉ፣ ያፏጫሉ፣ አንዳንዱ ተነስቶ ይወጣል። እሱ ደግሞ ስላቋረጡት ይቆጣና ወደ ንባቡ ይመለሳል። ጩኸቱ ሲብስበት ምርጫ ይሰጣቸዋል፤ ወይ ንባቡ ይቀጥላል ወይ ሸክላ ይከፈታል። መቼም ሸክላውን መምረጣቸው አይቀርም። ሸክላው ሲከፈት የሚሰማው የራሱ የአንዲ ድምፅ ነው። መጽሐፉን ካቆመበት ቀጥሎ ያነባል።

ይቺን ሸክላ በ1978 ሳተርደይ ናይት ላይቭ ላይም በቀጥታ ስርጭት አምጥቷታል።

ቤተሰቦች፣ ይሄን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ እኛም ተሰባስበን አንድ የኮሜዲ ምሽት ገብተን ነበር። ስሙን አንጠራም። ከሰማነው ቀልድ አብዛኛውን ቀድመን ቲክቶክ ላይ አይተነዋል፣ መጨረሻውን ሁሉ ከሰውዬው ጋር አብረን እንል ነበር። ወጥተን ታክሲ እየጠበቅን ስንበሳጭ አንዳችን የአንዲን ነገር አነሳ። እኛን ያናደደን የምናውቀው ነገር ተደግሞ መምጣቱ ነው። አንዲ ደግሞ ሰው ሊያይ የመጣውን ነገር ጭራሽ ባለመስጠት ያናድድ ነበር። የቱ እንደሚብስ እስከ ቤት ስንከራከር ሄድን።

አንዲ ካፍማን ጥር 17፣ 1949 ኒውዮርክ ተወለደ። ያደገው ሎንግ አይላንድ ላይ ግሬት ኔክ የሚባል ሰፈር ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ፣ አባቱ በጌጣጌጥ ንግድ የሚተዳደሩ፣ እሱ ደግሞ ከሦስት ልጆች ታላቁ። ልጅ እያለ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ካሜራ የተደበቀ እየመሰለው ለግድግዳው የቲቪ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። የዛሬ ልጅ ቢሆን ስልኩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ላይቭ ይገባ ነበር፤ ያኔ ግን ተመልካቹ ግድግዳው ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላው የሰፈር ልጆች ልደት ላይ እየተጠራ ማጫወት ጀመረ። ሸክላ ይከፍታል፣ ያዘፍናል፣ ጨዋታ ያጫውታል። ይቺን ያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛ ደረጃን በ1967 ጨረሰ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አልተቀመጠም (እኛም ስላልተቀመጥን ሳንጠቅሳት አናልፍም)። ቦስተን ውስጥ ግራም ጁኒየር የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ የቲቪ ሥራ ተማረ፣ ለኮሌጁ ጣቢያም የራሱን ሾው ሠራ። በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው ሜዲቴሽን የጀመረው። እስከ መጨረሻው አልተወውም፣ መድረክ ከመውጣቱ በፊትም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነበር።

ስሙ መሰማት የጀመረው ኒውዮርክ ውስጥ ኢምፕሮቭ የሚባል ክለብ ነው፤ ጀማሪ ኮሜዲያኖች የሚሞካከሩበት ቤት። አንዲ እዚያ የሚወጣው እንደ አንዲ አይደለም። ካስፒያን ባህር ላይ ካለች ደሴት የመጣ የውጭ ሰው ሆኖ ነው። ደሴቲቱ የምትባለው የለችም፣ ከጭንቅላቱ አውጥቷት ነው። የክለቡ ባለቤት በድ ፍሪድማን እንኳን መጀመሪያ ላይ የእውነት የውጭ ሰው መስሎት ነበር።

ሰውዬው መድረክ ላይ ሲያዩት ያሳዝናል። ዓይኑ ይንከራተታል፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው። ቀልድ ይጀምርና ያበላሸዋል። ከዚያ ታዋቂ ሰዎችን ሊያስመስል እንደሆነ ይናገራል፤ ፕሬዚዳንቱንም ሌላውንም በዚያው በራሱ ድምፅ፣ በዚያው በተሰባበረ ቅላጼ ያቀርባቸዋል። የሚቀየረው ስማቸው ብቻ ነው። በጣም ቀሽም ነው። ታዳሚው ምን ያድርግ? ገሚሱ አንጀቱ ይላወሳል፣ ለሰውዬው ይሸማቀቅለታል። ገሚሱ ሙድ ይይዝበታል። ውጭ ሀገር የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ይቺን ስሜት ታውቋታላችሁ፤ በቅላጼው ሲስቁበት ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው አብሮ ፈገግ የሚል ሰው።

መጨረሻ ላይ ኤልቪስ ፕሪስሊን ሊያስመስል መሆኑን ይናገራል። ታዳሚው ደግሞ ምን ጉድ ሊያሳየን ነው ብሎ ይዘጋጃል። ጀርባውን ያዞራል። ፀጉሩን ያበጥራል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ጊታሩን ያነሳል። ፊቱን ሲመልስ ኤልቪስ ነው! ድምፁ፣ ከንፈሩ፣ ዳሌው፣ ሁሉ ነገሩ። አዳራሹ ይነቃነቃል። ዘፈኑ ሲያልቅ በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያመሰግንና ቁጭ ይላል። ሙድ ሲይዙበት የነበሩት ሰዎች ሙድ የተያዘባቸው እነሱ እንደሆኑ የሚገባቸው ይሄኔ ነው።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሥራ የሚሠራው ታዳሚው ካላወቀ ብቻ ነው። ኤልቪስ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አያፍርም፣ አይናደድም፣ አይደነግጥም። የአንዲ ሕይወት ሙሉውን ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ትግል ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጥቅምት 11፣ 1975 ሳተርደይ ናይት ላይቭ የሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሲተላለፍ አንዲ ነበረበት። የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ቆሞ የአንድ የልጆች ካርቱን መዝሙር ከፈተ። ፈርቶ እንደቆመ ነው፣ አይዘፍንም። አንዲት መስመር ስትመጣ ብቻ ክንዱን አንስቶ በሙሉ ድፍረት አፉን ያንቀሳቅሳል። መስመሯ ስታልፍ ተመልሶ ይደነግጣል። ይኸው ነው ሥራው። ሰው ግን በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ የቲቪ ሰዎች መጡ። በ1978 ታክሲ የሚባል ተከታታይ ኮሜዲ ሊጀመር ሲል ያንን የውጭ ሰው ፈለጉት። ስሙን ላትካ ግራቫስ አሉት፣ የታክሲ ጋራዥ መካኒክ አደረጉት። አንዲ እንዲህ ያለውን ኮሜዲ አይወድም ነበር። ማናጀሩ ጆርጅ ሻፒሮ ለምኖ አሳመነው። ላትካን አሜሪካ ሁሉ ወደደው። አንዲም ገንዘብና ዝና አገኘ፣ ያቺን የኢምፕሮቭ መድረክ ምስጢሩን ግን አጣ። ከእንግዲህ ያ ቅላጼ ከአፉ ሲወጣ የሚሸማቀቅለት የለም፤ ገና አፉን ሲከፍት ይጨበጨባል። ኮሌጅ ሲሄድም ተማሪው የሚጠይቀው ላትካን ነው። እሱ ግን ጋትስቢን ያነብላቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ ታክሲ በሚታይበት በዚያ ሰሞን አንዲ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጄሪስ ፌመስ ዴሊ የሚባል ምግብ ቤት ተቀጥሮ ጠረጴዛ ያጸዳ ነበር። ያን ሁሉ ዝና ይዞ!

እዚህ ላይ ሐሳባችንን ሳንደብቅ እንናገር። ለእኛ ትኬት የቆረጠው ተማሪ መናደዱ ልክ ነው። ከኪሱ አውጥቶ ከፍሏል፣ ቃል የተገባለት ሳቅ ነው። አንዲ ግን ሳቅ ቃል የገባ አይመስለውም ነበር። ሰው ከልቡ ሲናደድም፣ ሲያፍርም፣ ግራ ሲገባውም እንደ ሳቁ ሁሉ የእውነት ነው ባይ ነው። ራሱንም ኮሜዲያን ብሎ መጥራት አይወድም፣ ዘፋኝ ወይም አዝናኝ ነኝ ይል ነበር።

ደግሞ መስጠት ሲፈልግ እንዴት እንደሚሰጥ እዩት። ሚያዝያ 26፣ 1979 ኒውዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ። ወደ 2,800 ሰው የሚይዝ፣ ዓለም ያወቃቸው ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ቤት ነው። አንዲ አያቱን ወንበር አስመጥቶ መድረኩ ላይ ዳር አስቀመጣቸው፣ በደንብ እንዲያዩ ብሎ። ታዳሚውን አዘፈነ፣ ኤልቪስን ሠራ። አንዲት አሮጊት ተዋናይ የእንጨት ፈረስ ይዘው እየጨፈሩ ድንገት ወደቁ። ልባቸው ቆሟል ተባለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መሳቅም መጮህም የደፈረ የለም። አንዲ ወጣና ላባ ደፍቶ ተመለሰ፣ ሬሳው ዙሪያ ጨፈረ። አሮጊቷ ተነሱ!

ሾው ሲያልቅ አያቱ የተባሉት ሴትዮ የአሮጊት ልብሳቸውን ገፈፉት። ሮቢን ዊሊያምስ ነው። ያን ጊዜ በቲቪ ኮሜዲ ከአንዲ የማያንስ ዝና የነበረው ሮቢን ዊሊያምስ ምሽቱን ሙሉ አሮጊት መስሎ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።

አላለቀም። አንዲ ታዳሚውን ወተትና ብስኩት ሊጋብዝ መሆኑን ተናገረ። ይሄማ ቀልዱ ነው ብሎ የወጣ ሰው ውጭ ላይ የተደረደሩ አውቶቡሶች ጠበቁት። ተሳፈሩ፣ አንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ተወሰዱ፣ እውነትም ወተትና ብስኩት ቀረበላቸው። ሾው በማግስቱ እንደሚቀጥል ተነገራቸውና በበነጋው ስታተን አይላንድ ጀልባ ላይ የመጡ ነበሩ። ያቺን ያዙልን ያልናችሁን የልደት አጫዋች ልጅ አስታወሳችሁ? ልጁ አድጎ ካርኔጊን የልደት ቤት አደረገው ማለት ነው።

ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ቶኒ ክሊፍተን የሚባል ሌላ ሰው ፈጠረ። ቦርጫም፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የማይረባ የላስ ቬጋስ ዘፋኝ ነው፤ ታዳሚውን ፊት ለፊት ይሳደባል። አንዲ ይሄ ሰው እኔ አይደለሁም እያለ ድርቅ ብሎ ይከራከር ነበር። ታክሲ ላይ ለመሥራት ሲፈርም ለክሊፍተንም ቦታ እንዲሰጠው አስገድዷል። ክሊፍተን ቀረጻው ቦታ መጥቶ ሲረብሽ በጥበቃ ተይዞ እንዲወጣ ተደረገ።

አሁን ቀልዱን ስሙ። ሰው ቀስ በቀስ ክሊፍተን ማለት አንዲ መሆኑን ነቃ። ነቅቻለሁ ያለው ሁሉ፣ ስድቡንም ችሎ፣ አንዲን ለማየት የክሊፍተንን ትኬት መግዛት ጀመረ። አንዲ ምን አደረገ? ልብሱንና ሜካፑን ለጓደኛው ለቦብ ዝሙዳ ሰጠው። እነዚያ ነቃን ያሉት ሰዎች አንዲን አየን ብለው የተመለሱት ዝሙዳን አይተው ነው።

የሬስሊንጉ ጉዳይ ሌላ ነው። ከ1979 ጀምሮ ሴቶችን ለትግል መጥራት ጀመረ። ለምታሸንፈው 1,000 ዶላር እሰጣለሁ እያለ፣ የሴት ቦታ ወጥ ቤት ነው እያለ እየሰደበ። ሐሳቡ የድሮዎቹን የትግል መድረክ ክፉ ሰዎች መሆን ነው፤ ሰው እንዲጠላው ይፈልጋል። ሰውም ጠላው፣ የስድብ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። እኛ ይቺን ስናያት ብዙም አላሳቀችንም። ስድብ ለማስመሰል ቢሰደብም ጆሮ ላይ ሲደርስ ያው ስድብ ነው።

ከዚያ ጄሪ ሎውለር የሚባል የሜምፊስ ከተማ የእውነት ታጋይ ተነሳበት። አንዲ በቪዲዮ የሜምፊስን ሰው ስለ ሳሙና አጠቃቀም ማስተማር ያዘ። አስቡት እስቲ፣ አንድ ከተማ ሙሉ! ሚያዝያ 5፣ 1982 ተገናኙ። ሎውለር አንስቶ በጭንቅላቱ ተከለው። አምቡላንስ መጣ። አንዲ አንገቱ ላይ ድጋፍ አስሮ ሰነበተ። ሐምሌ 28 ዴቪድ ሌተርማን ሾው ላይ ሁለቱም ተጋበዙና ሎውለር በጥፊ ከወንበሩ ጣለው። አንዲ ጠረጴዛ እየደበደበ ተሳደበ፣ ቡና ደፋበት። አሜሪካ በሙሉ ጠባቸው የእውነት መሰለው። ሁሉም ነገር ተነጋግረው የሠሩት መሆኑ የታወቀው አንዲ ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ሎውለር ትንፍሽ አላለም።

ታዳሚው ግን ደክሞት ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 20 ሳተርደይ ናይት ላይቭ ለተመልካች ጥያቄ አቀረበ፤ አንዲ ካፍማን ከእንግዲህ እዚህ ፕሮግራም ላይ ይምጣ ወይስ አይምጣ? ድምፅ የሚሰጠው በስልክ ነው፣ ለዚያውም ተከፍሎ። የዛሬ ሰው በኮሜንት የሚያደርገውን ያኔ ገንዘብ ከፍለው አደረጉት። ይምጣ ያሉት 169,186 ነበሩ። አይምጣ ያሉት 195,544። በ26,358 ድምፅ ተባረረ። ከዚያ በኋላ በቀጥታ ስርጭት በዚያ መድረክ ላይ አልታየም። ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ፕሮግራሙ ሲወለድ አጠገቡ የነበረው ሰው ነው። በ1983 ታክሲም ተዘጋ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሳል ያዘው። አልለቅ አለው። ሲመረመር የሳንባ ካንሰር ነው፣ ብዙ የተስፋፋ። ሲጋራ የማያጨስ፣ ሥጋ የማይበላ፣ የ34 ዓመት ሰው።

እንግዲህ ለማን ይንገረው? ሬሳ የሚያስነሳ፣ አንገቴ ተሰበረ ብሎ ወራት የሚያስር፣ ራሱ ቆሞ እያለ እኔ አይደለሁም የሚል ሰው ነው። ካንሰር ይዞኛል ሲል የሰሙ ሰዎች አዲስ ሾው የጀመረ መሰላቸው። ፀጉሩ ረግፎ፣ ከስቶ አደባባይ ሲወጣ እንኳን ያላመነ ነበር። መጋቢት 1984 ፊሊፒንስ ሄደ። እዚያ ያለ ቢላ፣ በባዶ እጃቸው ከሰው ሆድ በሽታ እናወጣለን የሚሉ ሰዎች አሉ። ሕክምና አይደለም፣ ደምና የሥጋ ቁራጭ እጅ ውስጥ ደብቆ ማውጣት ነው። ሰውን ሲሸውድ የኖረው አንዲ፣ ሌላ ሸዋጅ ፊት ለፊት ሸሚዙን አውልቆ ተኛ። ይቺን ስናነብ ትንሽ ዝም ብለናል።

ግንቦት 16፣ 1984 ሎስ አንጀለስ፣ ሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። 35 ዓመቱ ነበር። ኒውዮርክ ተወስዶ ተቀበረ።

ሰው አሁንም ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በሕይወት እያለ ሞቼ ነው ብሎ ስለመጥፋት ለጓደኞቹ ያወራ ነበር፣ ወሬው ወጥቷል። በዓመቱ፣ ግንቦት 16፣ 1985፣ ሎስ አንጀለስ ኮሜዲ ስቶር የሚባል ክለብ መድረክ ላይ ቶኒ ክሊፍተን ወጣ። ያው ቦርጩ፣ ያው መነጽሩ፣ ያው ስድቡ። በልብሱ ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሁሉ አፍጦ አየ።

በ1999 ጂም ኬሪ በፊልም ሠራው፣ ማን ኦን ዘ ሙን ይባላል። ኅዳር 2013 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ በስሙ ለኮሜዲያኖች የሚሰጠው ሽልማት ምሽት ላይ ታናሽ ወንድሙ መድረክ ወጥቶ አንዲ ተደብቆ እየኖረ እንደሆነ የሚናገር ደብዳቤ ስለማግኘቱ አወራ። ከታዳሚው መሃል አንዲት ወጣት ተነስታ ወጣች። የአንዲ ልጅ መሆኗን፣ አባቷም በሕይወት እንዳለ ተናገረች። የሳቀም ያለቀሰም ነበር። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ። ትንሽ ቀን ቆይቶ ልጅቷ ተዋናይት መሆኗ ታወቀ።